የነብር ዝንጉርጉር ለአሮጌ ከስተም መኪና፦ የወንበርና የበር ልብስ አሠራር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ የተስፋፋው የሆት ሮድና የከስተም መኪና ሥራ በሞተርና በቆርቆሮ ብቻ አያበቃም። ሆት ሮድ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ 1932ቱ ፎርድ ያለ አሮጌ መኪና ትርፉ ተራግፎለትና ሞተሩ ተጠናክሮ ለፍጥነት የሚዘጋጀው ሲሆን፣ ከስተም የሚባለው ደግሞ እንደ 1949–1951 መርኩሪ ያለ ትልቅ መኪና ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ብሎ፣ የፋብሪካው ጌጥ ተነሥቶለትና አካሉ ወደ መሬት ቀርቦ ለመልኩ የሚሠራው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱም ዓይነት መኪና በሩ ሲከፈት ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ስለሆነ፣ የውስጥ ልብሱ ከቀለሙ እኩል ጥንቃቄ ይገባዋል። ይህ መመሪያ አንድ ወጥ የሆነውን የፊት ረጅም ወንበር፣ መሀሉን በነብር ዝንጉርጉር ጨርቅ፣ ዙሪያውን በጥቁር የተሸነሸነ ቪኒል፣ እንዴት እንደምናለብስ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። ዝንጉርጉር ጨርቅ ወንበሩን፣ በሩን፣ ጣሪያውንና ወለሉን ሁሉ ከሸፈነ መኪናውን ይውጠዋል፤ በአንድ ቀለም ቪኒል ተከብቦ ሲቀመጥ ግን መኪናውም ጨርቁም ይታያሉ። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወንበር ልብስ ቶሎ የሚያልቀው ሰው ሲገባና ሲወጣ በሚታሽባቸው ጠርዞች ላይ ስለሆነ፣ ጠርዙን ጠንካራው ቪኒል ሲይዘው ለስላሳው ጨርቅ ረጅም ዕድሜ ያገኛል። ከዚህ በታች ያለው ልክና ቅደም ተከተል ሁሉ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

እውነተኛ ቆዳ ለምን አይሆንም

የእንስሳ ቆዳ በመኪና ውስጥ የገባው በትልልቅ ኩባንያዎች ትርኢት ጭምር ነው። ካዲላክ በ1950 በኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ያሳየው ደቡታንት የተባለ መኪና ወንበሩ ከሶማሌላንድ በመጣ የነብር ቆዳ የተሸፈነ ነበር። በ1955 ደግሞ እንግሊዛዊው ዳይምለር ጎልደን ዜብራ የተባለውን መኪና በሜዳ አህያ ቆዳ አልብሶ አቀረበ፤ የኩባንያው ሊቀ መንበር ባለቤት የነበሩት ሌዲ ዶከር የሜዳ አህያ ለምን እንደተመረጠ ሲጠየቁ፣ ሚንክ የተባለው ትንሽ እንስሳ ፀጉራም ቆዳ ሲቀመጡበት እጅግ እንደሚሞቅ መናገራቸው ይጠቀሳል። ምክንያቱ የቅንጦት ቢመስልም ለባለሙያ የሚጠቅም ቁም ነገር አለበት፦ ረጅም ፀጉር ያለው ማንኛውም ልብስ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ውስጥ ሰውነትን ያስጨንቃል።

ዛሬ እውነተኛ የነብር ቆዳ መግዛት ከቶ የሚታሰብ አይደለም። በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ሳይቴስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነብርን በመጀመሪያው አባሪ ውስጥ አስገብቶ የንግድ ዝውውሩን ከልክሏል። በአገራችን የጀግና ለምድ ከአንበሳና ከነብር ቆዳ ይሠራ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ቅርስ ያለው ሰውም ቢሆን ቅርሱን በክብር ያኑረው እንጂ ለወንበር ብሎ መቀስ አያንሣበት።

ጨርቁን መምረጥ

በገበያ ላይ አራት ዓይነት አማራጭ ይገኛል። የመጀመሪያው ከአክሪሊክ ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ፀጉራም ጨርቅ ነው፤ ሁለተኛው ዝንጉርጉሩ የታተመበት ከፋይ ነው፤ ሦስተኛው ዝንጉርጉሩ በቀጥታ የታተመበት ቪኒል ነው፤ አራተኛው ፀጉሩ ሳይላጭ ለፍቶ የነብር መልክ የታተመበት የከብት ቆዳ ነው። የከብት ቆዳው ውድ ነው፤ የታተመው ቪኒል ለጽዳት ቀላል ቢሆንም ከሩቅ ወረቀት ይመስላል። ለዕለት ተዕለት መንዳት እኔ የምመርጠው ፀጉሩ ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፀጉራም ጨርቅ ወይም ወፍራም ከፋይ ነው። ለብርድ ልብስና ለአሻንጉሊት የሚሸጠው ረጅም ፀጉር ያለው ጨርቅ በዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብዙዎችን ያታልላል፤ ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይድቦለቦላል፣ መሀሉም ይመለጣል።

ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው የመታሸት ጽናቱ ነው፦ በአሜሪካ ዋይዘንቢክ በሚባለው መለኪያ 30,000 ድርብ ፍትጊያ (አንዱ ድርብ ፍትጊያ ማለት አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ ነው) የሚችል ጨርቅ ለመኪና ወንበር ይበቃል። ሁለተኛው ለእሳት ያለው ጠባይ ነው፦ የአሜሪካ ፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 302 በአዲስ መኪና ውስጥ የሚገባ ልብስ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይቃጠል ያዝዛል። ይህ ግዴታ በቤቱ አሮጌ መኪና የሚያድስን ሰው በቀጥታ ባይመለከትም፣ ከቤንዚን ታንክና ከትኩስ የጭስ ማውጫ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ደረጃውን ያላሟላ ጨርቅ በመኪናው ውስጥ ማስገባት የለበትም። ሦስተኛው የጨርቁ ጀርባ ነው፦ ብዙው ፀጉራም ጨርቅ ጀርባው ሹራብ መሳይ በመሆኑ ሲጎተት ይለጠጣል፤ እንዲህ ከሆነ ከመቁረጥ በፊት ጀርባው ላይ የማይለጠጥ የጥጥ ጨርቅ መለጠፍ ያስፈልጋል።

የዝንጉርጉሩ መጠንም ታስቦ ይመረጥ። ነጠብጣቦቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ ከሁለት ሜትር ርቀት ቡናማ ጭጋግ ይሆናሉ፤ በጣም ትልልቅ ከሆኑ ደግሞ በመሀለኛው ቁራጭ ላይ ጥቂቶች ብቻ ይታዩና መልኩ ይጠፋል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጠብጣብ ለረጅም ወንበር ይስማማል። ለመኪናው ቀለም ጥቁር፣ ጥቁር ቀይና ክሬም ከነብሩ ጋር ይግባባሉ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ለሆነ መኪና ግን ጥቁርና ነጭ የሆነውን የሜዳ አህያ መስመር ወይም በነጭና በግራጫ የታተመውን የነብር መልክ ማየት ይሻላል።

ልክና መጠን

ምሳሌያችን 140 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወንበር ነው። መሀሉ 90 ሴንቲ ሜትር የነብር ጨርቅ፣ ግራና ቀኙ እያንዳንዳቸው 25 ሴንቲ ሜትር የተሸነሸነ ቪኒል ይሆናሉ። መቀመጫው ላይ የነብሩ ጨርቅ ከፊት ጠርዝ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቆ ይጀምር፤ ምክንያቱም ጭን የሚታሸው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። የመቀመጫው ቁራጭ ጥልቀት 50፣ የመደገፊያው ቁመት 55 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከስፌት ትርፉ ጋር 110 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይፈጃል። ዝንጉርጉሩ ከመደገፊያው ወደ መቀመጫው ሳይቆረጥ የወረደ እንዲመስል ከፈለጉ ምስሉ የሚደገምበትን ርዝመት፣ ለምሳሌ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ይጨምሩበት። ለሁለቱ በሮች ሌላ 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ ሁለት ሜትር ተኩል ቢገዙ ለመጠባበቂያም ይተርፋል።

ወንበሩን ማውጣትና ውስጡን ማደስ

ወንበሩን ከወለሉ የያዙትን ብሎኖች ከመፍታትዎ በፊት ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አርከፍክፈው ያሳድሩት። ከዚያ ወንበሩን አውጥተው በጠረጴዛ ላይ ይገልብጡና ልብሱን ከሞላው ጋር ያያያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ እየቆረጡ ያውጡ። አሮጌው ልብስ ምንም ያህል ቢቀደድ አይጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ግራ፣ ቀኝ፣ ፊት፣ ኋላ ብለው በጠመኔ ይጻፉ፤ ስፌቱን በምላጭ ይፍቱት፤ በጋለ ካውያ ጨፍልቀው ወደ ወረቀት ይገልብጡት። አስተማማኙ የወረቀት ቅድ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ሞላውን አንድ በአንድ ይዩት። የላላው ይታሰራል፣ የተሰበረው ይለወጣል፣ የዛገው በብረት ብሩሽ ተፍቆ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። በሞላው ላይ ወፍራም የጆንያ ጨርቅ ይወጠራል፤ ያለ እርሱ ሞላው ስፖንጁን እየበላ ይወርዳል። ከጆንያው በላይ የጥጥ ንጣፍ፣ ከዚያም 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ በማስቲሽ ይለጠፋል። ማስቲሽ በሚረጭበት ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት፤ እሳትም በአቅራቢያው አይኑር። ይህ ክፍል ማንም የማያየው ሥራ በመሆኑ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ሆኖም በአዲስ ልብስ ላይ የሚታየው መጨማደድና መጉደጉድ በአብዛኛው የሚመነጨው ካልታደሰ ሞላ ነው።

መቁረጥ

ፀጉራም ጨርቅ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ፀጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ ነው። እጅዎን በጨርቁ ላይ ሲያሳልፉ ለስላሳ የሚሆንበትን አቅጣጫ ፈልገው ጀርባው ላይ በየቦታው ቀስት ይሳሉ። በመደገፊያው ላይ ቀስቱ ከላይ ወደ ታች፣ በመቀመጫው ላይ ከኋላ ወደ ፊት፣ በበሩ ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይሁን። አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ከተሰፋ ቀለሙ ከሌላው የጠቆረ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ደግሞ ከመፍታት በቀር መድኃኒት የለውም።

ቅዱን በጨርቁ ጀርባ ላይ ዘርግተው መሀሉን ከዝንጉርጉሩ መሀል ጋር ያስተካክሉ፤ አንዳንዱ ጨርቅ እንደ አከርካሪ ጠቆር ያለ መስመር በመሀሉ ስላለው ያ መስመር ከወንበሩ እኩሌታ ፈቀቅ ካለ ወንበሩ ራሱ የተጣመመ ይመስላል። በየጠርዙ 13 ሚሊ ሜትር የስፌት ትርፍ ይተዉ። የሚቆረጠው በመቀስ ሳይሆን በስለታም ምላጭ፣ ከጀርባ በኩል፣ ጨርቁን ብቻ እየሰነጠቁ ፀጉሩን ሳይነኩ ነው። በመቀስ የተቆረጠ ፀጉር ጠርዙ ላይ እንደታጨደ ሣር ቆሞ ይቀርና ስፌቱን ያጋልጣል። ብናኙ ወደ ሳንባ ስለሚገባ አፍንጫና አፍ ይሸፈን፤ የተቆረጠው ቁራጭም ከቤት ውጭ ይራገፍ።

ሽንሽኑ

በከስተም መኪና ታሪክ ውስጥ ከነብሩ በፊት የነገሠው ሽንሽን ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ዋጋው ስለሚረክስ ድንበር ተሻግረው በሜክሲኮዋ ቲኋና ወንበራቸውን አሸንሽነው ይመለሱ ነበር። አሠራሩን በዐይን ማየት የሚፈልግና በሎስ አንጀለስ የሚኖር አንባቢ ከሊትል ኢትዮጵያ ሰፈር ተነሥቶ በፌርፋክስ መንገድ ትንሽ ወደ ሰሜን ቢሄድ፣ ከዊልሸር ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ፒተርሰን የመኪና ሙዚየምን ያገኛል። ሙዚየሙ በ1994 የተከፈተ ሲሆን፣ ስያሜው ሆት ሮድ የተባለውን መጽሔት በ1948 ከመሠረቱት ከሮበርት ፒተርሰን ነው። እዚያ ሲደርሱ ከቀለሙ ይልቅ የወንበሮቹን ስፌት በትዕግሥት ይመልከቱ።

አሠራሩ ይህ ነው። ጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበት 12 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ያሥምሩ፤ በቪኒሉ ጀርባ ላይ ግን በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ያሥምሩ። ቪኒሉን በመስመሩ ላይ አጥፈው እጥፋቱን ከስፖንጁ መስመር ጋር አጋጥመው ከእጥፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ። ከአንዱ ሴንቲ ሜትር ትርፍ 6 ሚሊ ሜትሩ በእጥፋቱ ውስጥ ይገባል፤ የቀረው 4 ሚሊ ሜትር ሽንሽኑን ከፍ ከፍ ያደርገዋል። 25 ሴንቲ ሜትር ለሚሆነው ጎን አምስት ሽንሽን ስለሚያስፈልግ ቪኒሉ ከስፌት ትርፉ ጋር 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደርጎ ይቆረጣል። ሽንሽኖቹ ከኋላ ወደ ፊት ይሂዱ፤ የመደገፊያውና የመቀመጫው መስመሮች ደግሞ ፊት ለፊት የሚገጥሙ ይሁኑ።

ማጋጠምና መስፋት

ለዚህ ሥራ የቤት ስፌት መኪና አይበቃም። ላይኛው እግሩ ከመርፌው ጋር የሚራመድ የቆዳ ስፌት መኪና ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ላይኛው ጨርቅ ከታችኛው ወደ ኋላ እየቀረ ቁራጮቹ አይገጥሙም። ቁጥር 18 መርፌና ጠንካራ የፖሊስተር ክር ይጠቀሙ፤ ፖሊስተር ፀሐይን ከናይለን በተሻለ ይቋቋማል። የስፌቱ እርምጃ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካጠረ መርፌው ቪኒሉን በስቶ እንደ ቴምብር ጠርዝ እንዲቀደድ ያዘጋጀዋል።

በነብሩና በጥቁሩ መካከል ነጭ የጠርዝ ጥብጣብ እንዲገባ አጥብቄ እመክራለሁ። ጥብጣቡ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ነጭ ቪኒል የሚሠራ ሲሆን በውስጡ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲባጎ ይገባል። ነጩ መስመር ዝንጉርጉሩን ከጥቁሩ ለይቶ ያሳያል፤ ደግሞም ፀጉሩ ወደ ሽንሽኑ እንዳይፈስ ይከለክላል። በመጀመሪያ ጥብጣቡን ከቪኒሉ ጋር ለብቻው ይስፉ፤ ቀጥሎ ፀጉራሙን ጨርቅ ያጋጥሙ። ከማጋጠምዎ በፊት በስፌት ትርፉ ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ በመቀስ አሳጥረው ይከርክሙ፤ የቀረውን በጣትዎ ወደ ውስጥ እየመለሱ በመቆንጠጫ ይያዙት። ስፒል በቪኒል ላይ የማይሽር ቀዳዳ ስለሚተው አይጠቀሙበት። ስፌቱ ሁልጊዜ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ይሂድ። ሲጨርሱ በስፌቱ የተያዘውን ፀጉር በደነዘዘ መርፌ እየጎረጎሩ ያውጡት፤ ይህን ያደረገ ሰው ሥራው ከፋብሪካ የወጣ ያህል ንጹሕ ይሆንለታል።

ነብሩና ሽንሽኑ በሚገናኙበት ስፌት ጀርባ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ አብሮ ይሰፋና የሽቦ ኪስ ይሆናል። በዚህ ኪስ ውስጥ የሚገባው ሽቦ ልብሱን ወደ ስፖንጁ ስቦ ያን ጥልቅ መስመር የሚያወጣው ነው።

ማልበስ

ቪኒሉን ከማልበስዎ በፊት ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሙቁት፤ ይለሰልስልዎታል። የሙቅ አየር መሣሪያ ለቪኒሉ ብቻ፣ ያውም ከሩቅ፣ ይፈቀዳል፤ አክሪሊክ ፀጉር ሙቀት ሲነካው ይኮማተርና ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። በስፖንጁ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ አንጥፈው ልብሱን ያንሸራትቱበት፤ ልብሱ ከተስተካከለ በኋላ ፕላስቲኩን ስበው ያውጡት።

በስፖንጁ ላይ ለሽቦው ኪስ ጎድጓዳ መስመር ይቁረጡና ሽቦውን ከታች ካለው ሞላ ጋር በቀለበት ያያይዙ። ቀጥሎ የፊቱን ጠርዝ መሀል፣ የኋላውን መሀል፣ ከዚያ ሁለቱን ጎኖች ይያዙ። ከመሀል ወደ ማዕዘን እየተጓዙ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ቀለበት ያስገቡ፤ ማዕዘኖቹ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ። አንድ ሰው በመዳፉ ልብሱን ሲጫን ሌላው ቀለበቱን ቢያጠብቅ ሥራው ይቀናል። ነብሩ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ እንደሆነ ሳይሰለቹ ቀለበቶቹን አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ወንበሩን ወደ ቦታው ሲመልሱ የደኅንነት ቀበቶው ማሠሪያ በልብሱ እንዳይሸፈንና ማንሸራተቻው ጨርቅ እንዳይነክስ ያረጋግጡ። አሮጌ አካል ላይ የአዲስ መኪና ወንበር ገጥመው ከሆነና በጎኑ ኤርባግ ካለው ግን ያንን ጎን በምንም ዓይነት ልብስ አይሸፍኑት።

በርና ጣሪያ

የበሩ ሥራ ቀላል ነው። እርጥበት በማይበላው ቀጭን ሰሌዳ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ይለጠፋል፤ ጥቁር ቪኒሉ ይለብሳል፤ ከእጅ መደገፊያው በላይ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የነብር ቁራጭ በነጭ ጥብጣብ ተከቦ ይሰፋበታል። ከሰሌዳው ጀርባ ባለው የበሩ ብረት ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ይለጠፍ፤ በመስኮቱ በኩል የሚወርደው ዝናብ ልብሱን ከውስጥ ያበሰብሰዋልና።

ጣሪያውን በነብር ማልበስ የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን ወንበሩ ነብር ከሆነ ጣሪያው ነጭ ወይም ክሬም ቪኒል እንዲሆን እመርጣለሁ፤ በተለይ ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ባለ መኪና ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ በራስ ላይ ይከብዳል። ከተፈለገም ፀጉራሙ ጨርቅ ክብደቱ የጣሪያውን ልብስ በሚይዙት የብረት ቅስቶች መካከል ስለሚያረግበው ቀለል ያለ የታተመ ከፋይ ይሁን።

እንክብካቤ

ከወር በኋላ ስፖንጁ ስለሚረገጥ ወንበሩን ገልብጠው የላሉትን ቀለበቶች ያጥብቁ። ፀጉሩን በለስላሳ ብሩሽ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ያበጥሩት፤ አቧራውን በቫኪዩም ይሳቡት። ቆሻሻ ሲነካው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አረፋ ብቻ አጽድተው በጥላ ያድርቁት፤ የፀጉር ማድረቂያ አያቅርቡበት። መኪናው ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ መስኮቱ ይሸፈን፤ በዝንጉርጉሩ ውስጥ ቀድሞ የሚደበዝዘው ወርቃማው ቀለም ነው። የተረፈውን ጨርቅ የፀጉሩን አቅጣጫ በጀርባው ጽፈው ያስቀምጡ፤ ያው ፋብሪካ በሌላ ጊዜ የሚያትመው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር ስለማይገጥም፣ አንድ ቦታ ቢቀደድ ለመጠገን የሚሆነው ያ ቁራጭ ብቻ ነው።